ዳጣ ያልነካው ቆዳ ለምን ያማል?

አስረኛ ክፍል ነበርኩ። ለመስቀል ገረሴ ያለው ቤታችን ሰው በሰው ሆኗል፤ በእኛ አካባቢ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነውና። እናቴ አንድ ሳህን ሙሉ ቃሪያ አምጥታ «ዛሬ ዳጣውን አንተ ነህ የምትደቁሰው» አለችኝ። ዳጣን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከቆጮም ከሥጋም ጋር የሚበላ፣ እንባ የሚያስወርድ የጋሞ ማባያ ነው። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅጠሉ ጋር ድንጋይ ላይ በባዶ እጄ እያሸሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ እጄ መለብለብ ጀመረ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ ማታ ለብ ባለ ውሃ ልታጠብ ስል ውሃው የፈላ መሰለኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን በዚያው ውሃ ፊቱን ታጥቦ ሄደ። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ነው። ቃሪያው ያልደረሰበት የክንዴ ቆዳ ላይ የሹራቤ እጅጌ ሲነካኝ አመመኝ። ልብ በሉ፣ እዚያ ቦታ ላይ ዳጣ የለም። ቁስል የለም። የነካኝም ክር ነው።

እናቴ ቅቤ ቀባችኝና ሳቀች። እኔ ግን ጥያቄው ተከተለኝ። በኋላ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስማር፣ መልሱ ያለው እጄ ላይ ሳይሆን ጀርባዬ ውስጥ፣ ህብለ ሰረሰሬ ላይ እንደሆነ ደረስኩበት። ዛሬ ይህንኑ ላጫውታችሁ ነው። እግረ መንገዳችንንም አያቴን ስላስቸገራት አንድ ህመም እናወራለን።

መጀመሪያ፦ ቆዳው ላይ ያለው በር

ቃሪያን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እጃችሁ ላይ ግን እውነተኛ ቃጠሎ የለም። ቴርሞሜትር ብታደርጉበት ሙቀቱ ያው ነው። ታዲያ ምን ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በዴቪድ ጁሊየስ የሚመራ ቡድን የህመም ነርቮች ጫፍ ላይ ያለ አንድ የፕሮቲን በር አገኘ። ስሙ ቲአርፒቪ1 ነው። ይህ በር በተለምዶ የሚከፈተው ሙቀቱ ወደ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ነው፤ ማለትም ቆዳን ሊጎዳ በሚችል ሙቀት። ካፕሳይሲን ግን በሩ ላይ ተለጥፎ በተራ የሰውነት ሙቀት ይከፍተዋል። ስለዚህ ነርቩ «እሳት!» ብሎ ይጮሃል። አይዋሽም፤ ተታሎ ነው። ጁሊየስ በዚህ ሥራው፣ የንክኪን በሮች ካገኘው ከአርደም ፓታፑሽን ጋር፣ የ2021 የኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል።

የሞቀው ውሃ ምስጢርም እዚሁ ጋ ነው። ካፕሳይሲን ያረፈበት በር በትንሽ ሙቀት የሚከፈት ይሆናል። 38 ዲግሪ የሆነ ለብ ያለ ውሃ ለወንድሜ ምቾት ነው፣ ለእኔ ግን የፈላ ውሃ። የእናቴ ቅቤም ባህል ብቻ አልነበረም። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ ዳጣ እጃችሁን ካቃጠላችሁ መጀመሪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከዚያ ሳሙና። ዶሮዎች ቃሪያ ሲለቅሙ አይታችሁ ከሆነ ደግሞ የእነሱ በር ካፕሳይሲንን የሚይዝ ቅርፅ የለውም፤ ለዚያ ነው ምንም የማይመስላቸው።

እሺ፣ ሁለቱ ተመለሱ። እጅጌውስ? እሱን ለማወቅ መልእክቱን ተከትለን ወደ ውስጥ መግባት አለብን።

ሽቦው ቀርፋፋ ነው

የህመም ነርቭ ሴል ዋና አካሉ የሚገኘው ከአከርካሪ አጥንት ጎን፣ ጋንግሊዮን በምትባል ትንሽ እብጠት ውስጥ ነው። ከዚያ አንዱ ቅርንጫፉ እስከ ጣታችሁ ይዘረጋል፣ ሌላው ወደ ህብለ ሰረሰር ይገባል። የሚለበልበውን ህመም የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዙት፤ ረጋ ብሎ የሚራመድ ሰው ማለት ነው። ትንሽ ወፈር ያሉት በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ። የእግራችሁን ጣት ድንጋይ ሲመታችሁ መጀመሪያ ስለታም ህመም፣ ከዚያ አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ የሚያንገበግብ ህመም የሚመጣው ለዚህ ነው። ሁለት ፖስተኞች፣ አንዱ በፈረስ፣ አንዱ በእግር።

ሁለቱም የሚያደርሱት ህብለ ሰረሰር ውስጥ፣ በጀርባ በኩል ወዳለው ክፍል ነው። እዚያ ሌላ ነርቭ ሴል ይጠብቃቸዋል፤ መልእክቱን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ህብለ ሰረሰርን እንደ ተራ ገመድ ነው የምናስበው። አይደለም። እዚያ ያለው ሴል መልእክቱን ይመዝናል፣ ያጎላል፣ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያስቀረዋል።

አንድ ነርቭ ሴል እንደ ኤሌክትሪክ ዑደት

እዚህ ጋ የተማርኩት ሙያ ይጠቅመናል። የነርቭ ሴል ውስጡ ከውጪው ጋር ሲነፃፀር ወደ −70 ሚሊቮልት ነው። ወደ −55 ሚሊቮልት ከደረሰ የሶዲየም በሮች ተከታትለው ይከፈቱና ምልክቱ ይተኮሳል። −55ን የቤት ደፍ አድርጋችሁ አስቡት። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ደፉን እስኪያልፍ ድረስ ቤት አይገባም፤ ካለፈ ግን ገባ ነው። የነርቭ ሴልም እንዲሁ ነው። ግማሽ መተኮስ የለም።

ስለዚህ ሴሉ 15 ሚሊቮልት መነሳት አለበት። ምን ያህል እንደሚነሳ ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት የኦም ሕግ ይነግረናል፤ ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ቁጥር እንስጠው። የህመም ነርቭ የሚያስገባው ከረንት 40 ፒኮአምፔር ይሁን፣ የሴሉ ሬዚስታንስ 500 ሜጋኦም። ሲባዛ 20 ሚሊቮልት። ደፉን አለፈ፣ ተተኮሰ፤ አመመን። ተራ ንክኪ ደግሞ 20 ፒኮአምፔር ብቻ ያስገባ እንበል። ሲባዛ 10 ሚሊቮልት። አላለፈም። ሹራብ የማያመን ለዚህ ነው።

አንድ ሴል በትንሽ ነገር ይነሳል ወይስ በብዙ ነገር የሚለው ጉዳይ እንግዲህ በሦስት ነገሮች ይወሰናል። የሚገባው ከረንት ስንት ነው? ሬዚስታንሱ ስንት ነው? ከደፉ ምን ያህል ርቆ ነው የተቀመጠው? ህመምን የሚጨምሩም ሆነ የሚቀንሱ ኬሚካሎች ሁሉ፣ ከሰውነታችን የመጡም ከፋርማሲ የተገዙም፣ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ወይም ብዙዎቹን ነው የሚነኩት።

የሚያጋግሉት

የህመም ነርቩ ህብለ ሰረሰር ሲደርስ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ይረጫል። ግሉታሜት ተቀባዩ ሴል ላይ ያሉ በሮችን ከፍቶ ሶዲየም ያስገባል። ይሄ ተራ ሥራው ነው። ህመሙ ሲበረታና ሲደጋገም ግን ሰብስታንስ ፒ የሚባል ሌላ ኬሚካል ይጨመራል፣ የሴሉም ቮልቴጅ ከፍ እንዳለ ይቆያል።

አሁን አንድ የሚገርም በር አለ፤ ኤንኤምዲኤ ይባላል። ግሉታሜት ቢነካውም እንኳ አይከፈትም፣ ምክንያቱም የማግኒዥየም አዮን አፉ ላይ እንደ ቡሽ ተወትፎበታል። ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን ቡሹ ይወጣል። ካልሲየም ይገባል። ካልሲየም ደግሞ ሴሉ ውስጥ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል፤ እነሱም አዳዲስ በሮች ወደ ሴሉ ግድግዳ እንዲመጡ ያደርጋሉ፣ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርጉትን አንዳንድ የፖታሲየም በሮችንም ይዘጋሉ።

በር ተዘጋ ማለት ሬዚስታንስ ጨመረ ማለት ነው። 500 ሜጋኦም የነበረው 800 ሆነ እንበል። አሁን የንክኪውን 20 ፒኮአምፔር አባዙት፤ 16 ሚሊቮልት። ደፉን አለፈ! ንክኪው አልተለወጠም፣ ቆዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተቀባዩ ነው። እጅጌዬ ያሳመመኝ እንዲህ ነው። ከእጄ የመጣው የካፕሳይሲን ጩኸት ህብለ ሰረሰሬ ላይ ያሉትን ሴሎች አጋግሏቸው፣ ከጎረቤት ቆዳ የመጣውንም ተራ ንክኪ እንደ ህመም ማስተላለፍ ጀመሩ።

ይህን ያየሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ሎርን ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ዓይነት ምት ለቀጫጭኖቹ ነርቮች ደጋግሞ ሲሰጥ የህብለ ሰረሰር ሴሎች መልስ ከምት ወደ ምት እያደገ እንደሚሄድ አሳየ። ክሊፎርድ ዎልፍ ደግሞ በ1983 ጉዳት ከደረሰ በኋላ ህብለ ሰረሰር ራሱ እንደሚጋጋል አሳየ። ዛሬም ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ በሰው ላይ ሲያጠኑ ካፕሳይሲን በትንሹ ቆዳ ውስጥ ይወጋሉ፤ ከዚያም በዙሪያው ያልተነካው ቆዳ ምን ያህል እንደሚያም ይለካሉ። እኔ በዳጣ ያደረግሁትን እነሱ በመርፌ ማለት ነው።

የአያቴ አልማዝ ባለጭራ

የእኔ ህመም በማግስቱ ጠፋ። የሁሉም ሰው ግን እንዲህ አይጠፋም። በዚያው ሰሞን አያቴን ከጎኗ እስከ ጀርባዋ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር። ይህ በሽታ በልጅነት ከሚይዘን የቺክንፖክስ ቫይረስ ይመጣል፤ ቫይረሱ ቅድም ያልኳችሁ ጋንግሊዮን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ይኖርና ሰውነት ሲደክም ነርቩን ተከትሎ ይወጣል።

ቁስሉ በአንድ ወር ገደማ ደረቀ። ህመሙ ግን ቀረ። ነጠላዋ እንኳ ጎኗን ሲነካት «እሳት ነው» ትል ነበር። ያዩዋት ሰዎች «ቁስሉ ድኗል፣ ምንም የለብሽም» አሏት። እኛም ቤት ውስጥ «ትንሽ ታበዛዋለች» ብለናል፤ እኔም ጭምር። በኋላ አንድ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን አዘዘላት። አንድ ጎረቤት ክኒኑን አይቶ «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው፤ አእምሮሽን ነው የጠረጠሩት» ሲላት በሦስተኛው ቀን ጣለችው።

ለምን እንደታዘዘላት ያኔ ማስረዳት አልቻልኩም። አሁን እችላለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ፍሬኖቹ ልንገራችሁ።

የሚያረጋጉት

ህብለ ሰረሰር ውስጥ ፍሬን የሚይዙ ትናንሽ ሴሎች አሉ። ጋባና ግላይሲን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፤ እነዚህም የክሎራይድ በሮችን ከፍተው ሴሉ ወደ ደፉ እንዳይጠጋ ያደርጉታል። ፍሬኑ ባይኖርስ? መንጋጋ ቆልፍን አስቡት። የዚያ ባክቴሪያ መርዝ እነዚህ የፍሬን ኬሚካሎች እንዳይረጩ ያግዳል፤ በዚህ ጊዜ ጡንቻ የሚያዙት ነርቮች ያለ ልጓም ይቀሩና ሰውነት ይደርቃል። በህመም መስመር ላይ ያለው ፍሬንም የዚሁ ዘመድ ነው።

ልጅ ሲወድቅ እናት ቦታውን የምታሸው በከንቱ አይደለም። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ እንደሚለው፣ የንክኪ ነርቮች እግረ መንገዳቸውን እነዚያን የፍሬን ሴሎች ይቀሰቅሳሉ። ማሸት ማለት ፍሬን መርገጥ ነው።

ሁለተኛው ፍሬን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ማደንዘዣ ነው። ሰዎች ከኦፒየም ተክል የሚገኘውን ሞርፊን ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙ ኖረዋል። በ1973 ተመራማሪዎች ሞርፊን የሚያርፍበትን መቀበያ አንጎል ውስጥ አገኙ። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ የእኛ ሰውነት ለአበባ ጭማቂ መቀበያ ምን ብሎ ይሠራል? በ1975 መልሱ መጣ። ለካ የራሳችን ሞርፊን አለን፤ ኤንኬፋሊን ይባላል። መቀበያዎቹም ህብለ ሰረሰር ላይ፣ ልክ የህመም ነርቮች በሚያበቁበት ቦታ ተጠቅጥቀው ይገኛሉ።

ሞርፊን ሁለት ቦታ ይመታል። ላኪው ነርቭ ጫፍ ላይ የካልሲየም በሮችን ይዘጋል፣ ስለዚህ የሚረጨው ግሉታሜት ያንሳል። ተቀባዩ ላይ ደግሞ የፖታሲየም በሮችን ይከፍታል፤ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ ሴሉም ከደፉ ይርቃል። በቁጥራችን እንሞክረው። 40 የነበረው ከረንት 20 ሆነ፣ 500 የነበረው ሬዚስታንስ 300 ሆነ። ሲባዛ 6 ሚሊቮልት። ሴሉ ደግሞ ወደ −75 ወርዷል፣ ስለዚህ 20 ሚሊቮልት ያስፈልገዋል። የት ሊደርስ!

ሦስተኛው ፍሬን ከአንጎል ግንድ ወደ ታች ይወርዳል። ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን የሚባሉ ኬሚካሎች ህብለ ሰረሰር ላይ ይረጫሉ። ኖርአድሬናሊን ሥራው ከሞርፊን ጋር ይመሳሰላል፤ የካልሲየም በር ይዘጋል፣ የፖታሲየም በር ይከፍታል። ፀብ ወይም ግጥሚያ መሃል የቆሰለ ሰው ህመሙ የሚሰማው ሲረጋጋ የሆነው፣ በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አያቴ ክኒን። ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን ተረጭተው ብዙም ሳይቆዩ ነርቮቹ መልሰው ይመጧቸዋል። አሚትሪፕቲሊን ይህን መመጠጥ ያግዳል። ስለዚህ ፍሬኑ ረዘም ላለ ጊዜ ተረግጦ ይቆያል። መድኃኒቱ በእርግጥ ለድብርትም ይሰጣል፤ ለነርቭ ህመም ግን ብዙውን ጊዜ አነስ ባለ መጠን ነው የሚታዘዘው፣ ሥራውን ለመጀመርም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሦስት ቀን አይበቃም ነበር።

ፋርማሲ ውስጥ ያሉት የት ነው የሚመቱት?

ቀሪዎቹን በአጭሩ። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ሊዶኬይን፣ በቀዶ ጥገና ለምትወልድ እናት ጀርባዋ ላይ የሚሰጠው ቡፒቫኬይንም የሶዲየም በሮችን ይዘጋሉ፤ መልእክቱ ጨርሶ አይተኮስም። ኬታሚን ያንን ኤንኤምዲኤ የተባለ በር ይደፍናል። ጋባፔንቲን የካልሲየም በሮችን አካል ይይዝና ላኪው ብዙ እንዳይረጭ ያደርጋል። ዳይክሎፌናክ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ የእብጠት ኬሚካሎች እንዳይሠሩ ያግዳል፤ ለቁስልና ለእብጠት ህመም ጥሩ ነው፣ ለአያቴ ዓይነት የነርቭ ህመም ግን እምብዛም አይረዳም። ዚኮኖታይድ የሚባለው ደግሞ ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ተቀድቶ የተሠራ ነው፤ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ በቀጥታ ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይሰጣል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ካፕሳይሲን ራሱ መድኃኒት መሆኑ ነው። ብዙ ካፕሳይሲን ለረጅም ጊዜ ሲነካቸው የህመም ነርቮች ጫፍ ደክሞ ለወራት ሥራ ያቆማል። 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ልጣፍ በ2009 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ የተፈቀደውም ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ህመም ነው። ይህን አንብባችሁ ግን አያታችሁ ጎን ላይ ዳጣ እንዳትቀቡ! ልጣፉ የሚለጠፈው ቆዳው ከዳነ በኋላ፣ በሐኪም እጅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ሞርፊንና ትራማዶል የሚያርፉበት መቀበያ ትንፋሽን በሚያዘው የአንጎል ክፍልም ውስጥ አለ። ፍሬኑ እዚያም ይረገጣል፤ ከመጠን ካለፈ ትንፋሽ ይቆማል። ሰውነትም ይለምደዋል፣ ያው መጠን አልበቃው ይላል። ትራማዶል ለጨዋታ ወይም ለድካም የሚወሰድ ነገር አይደለም። በሐኪም ቁጥጥር ሥር ሲሰጥ ግን ሞርፊን ለካንሰር ታማሚ ትልቅ እፎይታ ነው፤ መፍራት ያለብን አላግባብ መጠቀሙን እንጂ መድኃኒቱን አይደለም።

ታዲያ ምን እንያዝ?

ህመም ጠላት ብቻ አይደለም። በሥጋ ደዌ ህመም የማይሰማው እጅ ምን እንደሚሆን ይታወቃል፤ እሳቱን ሳያውቅ ይቃጠላል፣ ቁስሉን ሳያውቅ ይሠራበታል። ችግሩ ያለው ማንቂያ ደወሉ እሳቱ ከጠፋ በኋላም መጮሁን ሲቀጥል ነው። ያኔ በሽታው ደወሉ ራሱ ነው፤ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው፣ በሚሊቮልት የሚለካው።

ስለዚህ ቁስል ሳይታይበት «ነጠላ አመመኝ» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ፣ አታብዛው አትበሉት። እውነቱን ነው። ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ቶሎ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ሐኪሙም ለሌላ በሽታ የሚታወቅ ክኒን ካዘዘ፣ ከመጣሉ በፊት «ይሄ የት ላይ ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ከአያቴ ጎን ቁጭ ብዬ እንዲህ እላት ነበር፦ «አያቴ፣ አእምሮሽን ማንም አልጠረጠረም። ጀርባሽ ውስጥ አንድ ፍሬን ላልቷል። ክኒኑ እሱን ነው የሚያጠብቀው።»